«መጠን» ሦስት ሲሆን
በእሳተ ገሞራ ጋዞች የልኬት ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ እሳተ ገሞራ ጋዞች ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች «ድኝ»ና «ባዜቃ» የተባሉትን ነባር ስሞች መያዛቸው ያስመሰግናቸዋል። በልኬት ቃላት ረገድ ግን «መጠን»ን ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ሲያሸክሙት እናያለን። ጉዳቱ የውበት ሳይሆን የስሌት ነው።

የድኝ ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ጨረርን ስለሚመጥጥ፣ በቀን ስንት ቶን እንደሚወጣ ከሩቅ ይለካል። የባዜቃ ተን ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከገሞራው አፍ አጠገብ የተቀዳው አየር በወርቅ ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ባዜቃውም ከወርቁ ጋር ተዋሕዶ ይያዛል። በዚያው አየር ውስጥ ባዜቃው ለድኝ ዳይኦክሳይዱ ያለው ድርሻ ከታወቀ በኋላ፣ ይኸው በዳይኦክሳይዱ ዕለታዊ ወጪ ሲባዛ የባዜቃው ዕለታዊ ወጪ ይገኛል።

እንግዲህ «የባዜቃው መጠን በድኙ መጠን ይባዛል» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው ምኑን በምን ያባዛል? ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ላለው «ክምችት»፣ ለሁለቱ ዝምድና «ምጥጥን»፣ በጊዜ ለሚወጣው «ፍሰት» ቢባል እንመርጣለን። «ፍሰት» ለፈሳሽ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ «የአየር ፍሰት» ማለት ከተለመደ መቆየቱን እናስታውሳለን።