ከፍትሐት በኋላ የሚነበበው ገጽ፦ ባልን፣ አባትንና አያትን በቀብር ጽሑፍ ማስታወስ

በምሥራቅ አዲስ አበባ አጥቢያዎች፣ ከገርጂ ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ሲኤምሲ ቅዱስ ሚካኤል፣ ቀብር የወጣ ሰው ስለ አንድ ሟች ሁለት ጽሑፍ ሲነበብ ይሰማል። አንደኛው ካህናቱ ከመጽሐፈ ግንዘት የሚያደርሱት ፍትሐት ነው። ሁለተኛው ከዘመድ ወይም ከወዳጅ አንዱ በማይክሮፎን የሚያነበው የሕይወት ታሪክ ነው። ሁለቱ ሰውየውን የሚያዩበት ዓይን እጅግ ይለያያል። ግንዘት የሟቹን ክህነት፣ ዕድሜና ጾታ ለይቶ ጸሎት ይመድባል እንጂ የመንግሥት ሹመትና የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። ሟቹንም የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ አብሮት የኖረ ጎረቤት ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ያን ቀን ነው። ጥቂት ቆይቶ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ያው ሰው ሥራ አስኪያጅ፣ መቶ አለቃ ወይም የሂሳብ ሹም ሆኖ ይመለሳል።

የዚህ የሕይወት ታሪክ አካሄድ በሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ። ሟቹ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ጠቅላይ ግዛት፣ በእንዲህ ያለ አውራጃ ይወለዳሉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ይቆጥራሉ። ከዚያ መሥሪያ ቤት፣ ዝውውር፣ ዕድገት፣ የምስጋና ወረቀት፣ ጡረታ ይከተላል። ትዳር የሚመጣው ከጡረታው በኋላ ነው፦ በሕግ ጋብቻ መሥርተው የዚህን ያህል ልጆች አባት፣ የዚህን ያህል የልጅ ልጆች አያት ለመሆን በቅተዋል። ቀጥሎ ሕመሙና ሕክምናው ይነገራል፤ መዝጊያው ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን የሚለው ጸሎት ነው። የዕድሜ ልክ ትዳር ያገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚስቲቱ ስም ጨርሶ ሳይጠራ የሚታለፍበትም ጊዜ አለ፤ ይህን መስማት ያማል።

ምክንያቱ የልጆቹ ፍቅር ማነስ አይደለም፤ ጽሑፉ የሚጻፍበት ሰዓት ነው። ሞቱንና ቀብሩን አንድ ሌሊት ይለያቸዋል፤ ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ የሚጠበቅ ልጅ ካለ ጥቂት ቀን ይታከላል። ብዕሩን የሚይዘው “እሱ ይጻፍልን” የተባለ የእህት ልጅ ወይም የቀድሞ ባልደረባ ነው። እጁ የሚገባው ደግሞ ከሻንጣ የወጣው ወረቀት ነው፦ የቅጥር ደብዳቤ፣ ሰርተፊኬት፣ የጡረታ ደብተር። ከማንም በላይ የምታውቀው ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሐዘንተኛው መካከል ተቀምጣለች። “እትዬ፣ ጋሼ ማታ ማታ ምን ያደርጉ ነበር?” ብሎ በዚያ ሌሊት የሚጠይቃት የለም። ወረቀት የሚያስቀረው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ገጹን መሥሪያ ቤት ይሞላዋል።

ወረቀት ያልያዘው ነገር የሚነገረው ድንኳን ውስጥ ነው። በሰሚት ኮንዶሚኒየም ግቢ በተተከለ አንድ ድንኳን የሰማሁትን ላንሳ። በቀብሩ ላይ የተነበበው ጽሑፍ ስለ ሟቹ እምነት “መንፈሳዊ ሰው ነበሩ” ብሎ አልፏል። የልጅ ልጃቸው የነገረን ግን ሌላ ነው። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ሄዶ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል፤ እሑድ የነቢያት ጸሎት ነው። ጎህ ሳይቀድ አያቱ በጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት ሲደግሙ ያደገው ይህ ልጅ የቀናቱን ቅደም ተከተል የያዘው ከዳዊቱ ነው። የጧፍ ጠብታ ያረፈበት፣ ወደ መካከሉ የተጠጋው ገጽ ሲገለጥ ረቡዕ መሆኑን ያውቅ ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ ቡና ስትቆላ ረከቦቱን አምጥተው የሚያቀርቡላት እሳቸው እንደነበሩ ተናገረች፤ በዚያ ትውልድ ወንድ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሂሴ ከዚህ ይነሣል። “መንፈሳዊ”፣ “ትሑት”፣ “ቤተሰባቸውን አፍቃሪ” የሚሉት ቅጽሎች ለሁሉም ሟች ስለሚነገሩ የማንንም ሰው መልክ አያሳዩም። ዳዊቱና ረከቦቱ ግን የአንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እምነቱም ባልነቱም አያትነቱም እዚያ ውስጥ ይታያል። የወንጌላውያን አማኞች ቀብር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ልጅ ወይም ሚስት ቆመው ምስክርነት የሚሰጡበት ልማድ አላቸው።

በጽሑፍ ባህላችንም ሰውን የሚመዘግበውም ሆነ በቤተሰቡ ውስጥ የሚያየው፣ ሁለቱም መንገድ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የታወቁ ሰዎችን በአጭር በአጭሩ የሚመዘግብ ነው። ከዚያ በፊት በ1910 ዓ.ም. የታተመው “ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ” የተባለው መጽሐፋቸው ግን ገና ከርእሱ አባትን ለልጁ ከሚናገረው ቃል ጋር ያስተሳስረዋል፤ አባት መታሰቢያ የሚያገኘው በልጁ ውስጥ ነው። የቀብር ጽሑፋችን የመጀመሪያውን መንገድ ይዞ ሁለተኛውን ጥሎታል ብዬ አምናለሁ።

ማስተካከያው ከሥርዓቱ ውጭ የሚፈለግ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያውን በአንድ ቀን አትዘጋውም፤ ሠልስት፣ 40፣ 80፣ ሙት ዓመት አለ። ከካዛንቺስ ወይም ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ጎሮና ወደ አያት ሰፈር ለሄደ ቤተሰብ 40ው የድሮው ሰፈር እድርተኛና የአዲሱ ብሎክ ጎረቤት እንደገና የሚገናኙበት ቀን ነው። ለቀብሩ የተጣደፈው ገጽ ለዚያ ቀን እንደገና ይጻፍ። እስከዚያ ድረስ ከውጭ የመጡት የልጅ ልጆች ሳይመለሱ ሴት አያታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠይቁ፣ በስልካቸው ይቅዱ። የነፍስ አባትም፣ የጽዋ ማኅበርተኛም ያየውን ይናገር። ጽሑፉ ከሚስቲቱ ስም ይጀምር፤ መሥሪያ ቤቱም ይግባ፣ ከትዳሩ በኋላ።