የቤተ መጻሕፍት ሙያ በቪዲዮ፦ ከማዮ ሲታይ

«ማየት ማመን ነው» ይላል የአገራችን ሰው። የእጅ ሙያን በተመለከተ አባባሉ እውነት አለው። ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠገን በአሥር ገጽ ጽሑፍ ከማስረዳት ይልቅ፣ ሙጫው በቀጭን ብሩሽ ሲቀባ፣ ትርፉ ሲጠረግ፣ መጽሐፉም ከከባድ ዕቃ ሥር ሲያድር ለአምስት ደቂቃ ማሳየት ይበልጣል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተከፈተ ወዲህ የቤተ መጻሕፍት ሙያ በዚህ መንገድ የሚሰጥበት ጊዜ መጥቷል። መጽሐፍ መለበድ፣ መለያ ቁጥር መለጠፍ፣ መደርደሪያ ማደራጀት፣ በኮምፒዩተር መመዝገብ፣ ለሕፃናት ጮክ ብሎ ማንበብ፦ ሁሉም በስልክ መስኮት ይታያል።

በመሆኑም እነዚህ ትምህርቶች እንደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ሊመዘኑ ይገባል። ሚዛኑ ደግሞ ከተሠሩበት አገር የተበደረ መሆን የለበትም። ትምህርቱ የሚለካው ተማሪው በቆመበት ስፍራ ነው። ለካርቱም አማርኛ አንባቢ ከማዮ የተሻለ መመዘኛ ስፍራ አይገኝም።

ማዮ በካርቱም ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከደቡብ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነትና በድርቅ የተፈናቀለ ሕዝብ ሰፍሮበታል። ጦርነት ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያም ደረሰበት። በዚያው ዓመት መስከረም 10 ቀን በቁሮ ገበያ ላይ በተፈጸመው የአየር ድብደባ ከአርባ በላይ ሰዎች አልቀዋል። በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) የጦር ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ከተማዪቱ የሚመለሰው ሰው እየበዛ ሄዷል። በእንዲህ ያለ ሰፈር አንዲት ክፍል ተገኝታ፣ ከየቤቱ የተረፈው መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ ቢሰበሰብ፣ የሰለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ቀርቦ አይገኝም። ፈቃደኛ የሆነ አንድ ወጣት፣ ወይም አንዲት መምህርት፣ ስልክ ከፍተው ከቪዲዮ ይማራሉ። ጥያቄው እንግዲህ፣ ያ ቪዲዮ ለእነርሱ ምን ያህል ይናገራል የሚል ነው።

በቅድሚያ የመዳረሻው ነገር አለ። «ለሁሉም ክፍት» የሚለው ቃል በሱዳን ብዙ ጊዜ ውሸት ሆኖ ታይቷል። በመስከረም 2012 (እ.ኤ.አ.) ዩቲዩብ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ነበር። በጥር 2014 ደግሞ ኮርሴራ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በሱዳን ለሚገኙ ተማሪዎች በሩን ዘጋ። በሰኔ 2019 እና በጥቅምት 2021 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። በየካቲት 2024 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አብዛኛው የአገሪቱ ግንኙነት ጠፋ። ስለዚህ በማዮ ዋጋ ያለው ቪዲዮ ወርዶ በሚሞሪ ካርድ ተቀምጦ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ነው። አጭር፣ ቀላልና በራሱ የሚቆም ሊሆን ይገባዋል። «የቀረውን በሚቀጥለው ክፍል እናያለን» ብሎ የሚሰናበት መምህር፣ ያ የሚቀጥለው ክፍል ላይመጣ እንደሚችል አልገባውም።

ወደ ይዘቱ ሲገባ ቪዲዮዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኞቹ እጅን የሚያሳዩ ናቸው፤ ሁለተኞቹ የኮምፒዩተር መስኮትን፤ ሦስተኞቹ ደግሞ የተናጋሪን ፊት። የመጀመሪያዎቹ ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። እጅ ትርጉም አያሻውም። የተናጋሪው ቋንቋ እንግሊዝኛም ሆነ ዓረብኛ፣ ወረቀቱ በየት እንደታጠፈ ይታያል። ይሁንና እነዚህም ቢሆኑ ልዩ ሙጫና ልዩ ቴፕ ከሱቅ ስለሚያመጡ፣ ያ ዕቃ በሌለበት ምን እንደሚተካውና ከሁሉ በላይ ምን ፈጽሞ መነካት እንደሌለበት አይነግሩም። ተራ ፕላስተር በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን እንደሚበላው ማወቅ፣ ጥሩ ሙጫ ከማግኘት ይቀድማል።

ትልቁ ችግር የሚጀምረው በሁለተኞቹ ነው። ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም እንውሰድ። በኒው ዚላንድ ተሠርቶ በጥር 2000 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረ ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። በነፃ ስለሚሰጥ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር ተጠቅመውበታል። በቪዲዮው ላይ አስተማሪው የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ ቁጥር ያስገባል፤ ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ መረጃው ይመጣል፤ «አስቀምጥ» ይላል፤ ተፈጸመ። ሲታይ ያስደንቃል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከታተሙት የቀድሞ መጻሕፍት ብዙዎቹ ያ ቁጥር የላቸውም። መረጃው ቢገኝ እንኳ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትን ለረጅም ዘመን ሲመዘግብ የኖረው በላቲን ፊደል፣ ከነጥብና ከሰረዝ ጋር ነው። የማዮ አንባቢ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብሎ በፊደሉ ቢፈልግ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይለዋል። ተማሪው በቪዲዮው ያየውን አንድ በአንድ ፈጽሟል፤ አንባቢው ግን ባዶ እጁን ተመለሰ።

የስም ነገር ከዚህ ይብሳል። አስተማሪው «የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ስም» ይላል። ተማሪው ያንን ይዞ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ ሲመዘግብ ደራሲውን ትቶ አባቱን መዘገበ ማለት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «መድኅን፣ ጸጋዬ ገብረ» ሆኖ ስሙ ከመሐል ይቆረጣል። ደንቡ ግን ይህን አላዘዘም። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የአንግሎ አሜሪካ የካታሎግ ደንብ ሁለተኛ እትም የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው በራሱ ስም እንዲመዘገብ ይደነግጋል። በኮምፒዩተሩ ቅጽም የደራሲ ስም በሚገባበት በ100ኛው መስመር መጀመሪያ ላይ አንዲት አኃዝ አለች፦ 1 ከተጻፈ በቤተሰብ ስም፣ 0 ከተጻፈ በራስ ስም የሚጀምር መሆኑን ታመለክታለች። ቪዲዮዎቹ በተለምዶ 1ን ጽፈው ያልፋሉ። ለሐበሻ ስም የምትሆነዋ 0 ግን ምን እንደምትሠራ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

የፊደልም ጉዳይ አለ። ጸጋዬና ፀጋዬ፣ ዓለምና አለም፣ ሥነና ስነ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። የግእዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዩኒኮድ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ስላገኘ፣ በሌላኛው ሆሄ የፈለገ ሰው አያገኝም። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ርእሱ በመጽሐፉ ላይ እንደታተመ ይመዘገባል፤ ሌላው አጻጻፍ በ246ኛው መስመር ይጨመራል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። መዝጋቢው 1958ን እንዳለ በፈረንጆች ቆጥሮ ቢያስገባ መጽሐፉን ከመወለዱ ሰባትና ስምንት ዓመት አስቀድሞ ወለደው ማለት ነው። እነዚህ ነገሮች ለአማርኛ መዝጋቢ የዕለት ተዕለት እንጀራ ናቸው፤ ለቪዲዮው አስተማሪ ግን ፈጽሞ የሉም።

ሦስተኞቹ፣ ማለትም ንግግር የሚያሰሙት፣ አብዛኛውን ጊዜ የዴዊን የዐሥርዮሽ አከፋፈል ያስተምራሉ። ሜልቪል ዴዊ በ1876 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ይህ ሥርዓት ዕውቀትን ከ000 እስከ 999 ይደለድላል። ቪዲዮዎቹ እንደ ሒሳብ ሕግ፣ ማንም ያልፈጠረው ነገር አድርገው ያቀርቡታል። ይሁን እንጂ ሰው የሠራው፣ የሠሪውም አገርና ዘመን የታተመበት ነው። በሃይማኖት ክፍል ከ220 እስከ 280ዎቹ ለክርስትና ሲመደቡ እስልምና በ297 ውስጥ ተጣብቦ ይገኛል። መደርደሪያው ካርቱም ውስጥ ሲሆን 297 ብቻ ሙሉ ግድግዳ ሊይዝ፣ የቀረው ባዶውን ሊቀር ይችላል። የአፍሪካ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ በአመዛኙ በ896 ሥር ተጠቃሏል፤ የዲንቃውና የኑዌሩ ሁሉ እዚያ ነው። ለማዮ ልጅ ይህ ቁጥር ጠባብ ክፍል ነው።

በአንጻሩ ግን ይኸው ሥርዓት አንድ ያልታሰበ መልካም ነገር ይዟል። የዓረብኛ ሥነ ጽሑፍ 892.7 ነው፤ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች 892.8 ናቸው፤ አማርኛ 892.87 ነው። ደንቡን ጠብቆ የተደረደረ መደርደሪያ የዓረብኛውንና የአማርኛውን ልብ ወለድ ትከሻ ለትከሻ ያቆማቸዋል። የካርቱም አበሻና የካርቱም ዓረብ እንደሚኖሩት መጻሕፍቱም ጎረቤት ይሆናሉ። ይህን የሚያስተውል መምህር ቢገኝ ደረቁ ቁጥር ለተማሪው በተናገረው ነበር። ቪዲዮው ግን ምሳሌውን ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛ፣ ከ823 ስለሚያመጣ ዕድሉን ያባክነዋል።

የትምህርቱ ቋንቋ ራሱ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው። ወደ አማርኛ የተመለሱት ጥቂት ትምህርቶች «አክሴሽን»፣ «ኮል ነምበር»፣ «ሰርኩሌሽን» እያሉ የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ብቻ ያለብሱታል። ቃሉን የሰማ ሰው ሥራውን አላወቀም። «የገቢ መጻሕፍት መዝገብ» ሲባል ግን ደብተሩ ወዲያው ይታየዋል፤ «የመጽሐፉ አድራሻ» ሲባልም ቁጥሩ የሚሠራው ሥራ ይገባዋል፤ «ማዋስና መመለስ» ደግሞ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። የመጽሐፍ ጥበቃ ለአማርኛ እንግዳ ሙያ አይደለም። ማኅደር፣ ዕቃ ቤት፣ ድጕስ የሚሉ ቃላት ያሉት ቋንቋ ለመደርደሪያና ለመዝገብ ቃል አያጣም። የጎደለው የቃል ሀብት ሳይሆን የተርጓሚ ድካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፦ «ከምንም ይሻላል»። እውነት ነው፤ ይሻላል። ሆኖም የኢትዮጵያ የቤተ መጻሕፍት ታሪክ ሙያው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ምን እንደሚያፈራ ያሳያል። ሪታ ፓንክኸርስት በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት ሠርተዋል። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አደራጅተዋል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ ሙያቸውን ይዘው ተመልሰው፣ በ2003 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እነዚህ ሰዎች አጠገባቸው ለሚሠራው ሰው ትተውት የሚሄዱት ነገር ፍርድ ነው፦ ይህ መጽሐፍ የት ይግባ? ይህ ስም እንዴት ይጻፍ? ያለው ገንዘብ ለአንድ ብቻ ቢበቃ የትኛው ይጠገን? ቪዲዮ ለተጠየቀው አይመልስም፤ ተማሪው ሲሳሳትም አያርመውም። የቆሎ ተማሪ እንኳ ንባቡን የሚያቃናለት መምህር ፊቱ አለ።

ስለዚህ የተሻለው አጠቃቀም ቪዲዮውን ብቻ አይቶ መነሣት አይደለም። ሁለትና ሦስት ሰው ሆኖ ማየት፣ በየመሐሉ ማቆም፣ በቪዲዮው ምሳሌ ፈንታ ከራስ መደርደሪያ አንድ የአማርኛና አንድ የዓረብኛ መጽሐፍ አንሥቶ መሞከር፣ የተደረሰበትንም ውሳኔ በደብተር መጻፍ ይገባል። «የሐበሻን ስም በራሱ ስም እንመዘግባለን፤ በዓረብኛው ስም መጀመሪያ ያለውን አል ለድርድሩ አንቆጥረውም» የሚል አንድ ገጽ ደንብ ከሃምሳ ቪዲዮ ይበልጣል። ያችን ክፍል ነገ የሚረከበው ሰው ሥራውን ከባዶ አይጀምርም።

ከቪዲዮዎቹ ሁሉ የሚጎድለው ግን አንድ ሌላ ትምህርት ነው። በግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ.) በኦምዱርማን አህልያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል መጻሕፍቱ ብቻ አይጠፉም፤ ዝርዝሩ በዚያው ግቢ ከነበረ ምን እንደጠፋ የሚያውቅም አብሮ ይጠፋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ የገቢ መጻሕፍት መዝገብ ትልቅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ደራሲ፣ ርእስ፣ ከማን እንደመጣ፦ አምስት ዓምድ ብቻ ነው። መብራት አይጠይቅም፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። በየወሩ መጨረሻ ገጾቹ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥተው በሌላ ሰፈር፣ ቢቻል በሌላ አገር ለሚኖር ሰው ቢላኩ፣ ክፍሏ ብትጠፋ እንኳ ምን እንደነበራት ይታወቃል።

ቪዲዮዎቹ ይህን ትምህርት የማይሰጡት አስተማሪዎቹ ቸልተኛ ስለሆኑ አይደለም። ነገ ጠዋት ሕንፃቸው በቦታው እንደሚያገኛቸው አምነው ስለሚናገሩ ነው። የማዮ ተማሪ እንዲህ ያለ እምነት የለውም። እንግዲህ ከቪዲዮው እጁን ይማር፤ ሙጫውን፣ ልባዱን፣ መለያውን ይማር። መዝገቡን ግን ቪዲዮው እስኪያዝዘው አይጠብቅ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በገባበት ቀን በብዕር ይጀምረው።