ስለ አሮጌው መርሰዲስና ስለ ባለቤቱ

መርሰዲስ የሚለው ስም በአገራችን ከመኪናነቱ ይልቅ የሹመት ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፥ ብዙ ሰው ስሙን በሰማ ጊዜ ሥራውን ሳይመረምር ወይ ይጐመጃል ወይ ይነቅፋል። እኔ ግን ስለ ሥራው ልናገር እወዳለሁ። የምመለከተውም ጀርመኖች ከ1979 እስከ 1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ያመረቱትን፥ በፋብሪካው ስም ደብልዩ 126 የሚባለውን ትልቁን መርሰዲስ ነው።

የመልኩን ሥራ የመራው በትውልዱ ኢጣሊያዊ የሆነው ብሩኖ ሳኮ ነው። ይህ ሰው አጥብቆ የያዘው ደንብ ነበረው፤ ይኸውም አዲሱ መኪና ሲወጣ የቀደመውን ያረጀ ሊያስመስለው አይገባም የሚል ነው። ነጋዴ ሁሉ የዓምናውን ዕቃ በዘንድሮው እያሳፈረ በሚሸጥበት ዘመን እንዲህ ያለ አሳብ ከፋብሪካ መውጣቱ ያስደንቃል። መኪናው ዛሬ በአርባ ዓመቱ መንገድ ላይ ሲታይ የተከበረ ሽማግሌ መምሰሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ነውር ግን የለበትም አልልም። ጀርመኖች በቀልድ የሳኮ ሳንቃ የሚሉት፥ ከጎኑ በታች የተለጠፈው ፕላስቲክ በስተ ውስጡ ጭቃና ውሃ ይይዛልና ዝገቱ ብረቱን ዐይን ሳያየው ይበላዋል። በስምንት ሲሊንደር ሞተሮቹም ውስጥ ሰንሰለቱን የሚመራው ፕላስቲክ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ የተሰበረ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ ይዘላል፥ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፥ ሞተሩም በቅጽበት ያበቃለታል።

ገዢው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወደሚታየው ነው። ክሮሙ ይወለወላል፥ የወንበሩ ቆዳ ይቀባል፤ ጎማው ግን ጥርሱ ስላላለቀ ብቻ ከዐሥር ዓመት በላይ ይቈያል፥ የፍሬኑም ቱቦ እንደ ተሰነጠቀ ይተዋል። እንዲህ ያለውን መኪና በአውቶባን በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፥ አብረውት የተቀመጡትን ልጆቹንና ከፊቱ የሚሄደውን ባዕድ የጌጡ መያዣ አድርጓቸዋል።

የሕጉም ነገር አለ። በጀርመን ከ1997 ጀምሮ፥ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ ተጠብቆ የተያዘ መኪና በታርጋው መጨረሻ ላይ ታሪካዊነቱን የሚያመለክት «ሃ» የተባለ የጀርመን ፊደል ሊሰጠው ይችላል። ይህን ያገኘ መኪና ሞተሩ ባለ አምስት ሊትር ቢሆንም በዓመት 191 ዩሮ ከሳንቲም ብቻ ይገብራል፤ ከ2008 ጀምሮ ጪስ ለመቀነስ ወደ ተከለሉት የከተማ ክፍሎችም እንዲገባ ተፈቅዶለታል። የግንበኛው አሮጌ የናፍጣ መኪና ግን የታዘዘው ምልክት ከሌለው በዚያው መንገድ ይቀጣል። ቅርስ መጠበቅ ይገባል፥ ከጥቂት አሮጌ መኪናዎች የሚወጣውም ጪስ ጥቂት ነው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ በቅርስነቱ ምሕረት የተደረገለትን መኪና በየማለዳው የቢሮ መመላለሻ የሚያደርግ ባለጸጋ ምን መልስ አለው? ግንበኛው እንኳ መኪናውን የሚያስነሣው ለእንጀራው ነው።

ዋጋው እስኪወጣ ድረስ ጨርቅ አልብሶ የሚያስቀምጠውም ከዚህ አይሻልም። ሳይነዳ የቆመ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፥ ፍሬኑ ይጣበቃል፥ ቤንዚኑም ይበላሻል። እኔ የማመሰግነው እሑድ ከቀትር በኋላ ቤተ ሰቡን ጭኖ ወደ ገጠር የሚወጣውን፥ በዓመትም አንድ ጊዜ ሳንቃውን ፈትቶ በእጁ ዝገቱን የሚፈልገውን ሰው ነው።