መድረክ የዘለለው ምዕራፍ

አንድ ድርሰት ከመጽሐፍ ወደ መድረክ ሲሻገር ምን ያተርፋል? ምንስ ያጎድላል? ኦፔራና ባሌት ለሚወድ፣ ንባብም ለማይጠላ ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ ከ«ዬቭጌኒ ኦኔጊን» የተሻለ መፈተኛ ያለ አይመስለኝም። አሌክሳንድር ፑሽኪን በ1823 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው ይህ በግጥም የተጻፈ ልቦለድ ተሟልቶ የታተመው በ1833 ነው። የቻይኮቭስኪ ኦፔራ በ1879 ሞስኮ ላይ፣ የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ የጆን ክራንኮ ባሌት ደግሞ በ1965 ሽቱትጋርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። በእኛ ዘንድ ፑሽኪን ሲነሳ የቅድመ አያቱ የአብራም ሃኒባል የትውልድ አገር መነሳቱ አይቀርም። ያልተቋጨ ክርክር ነውና ለባለሙያዎቹ ልተወው። ስለ ደሙ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማወራው ስለ ድርሰቱ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። የገጠር ባላባት ልጅ የሆነችው ታቲያና፣ ከከተማ የመጣውንና ሁሉ ነገር የሰለቸውን ኦኔጊንን ታፈቅራለች። ደፍራ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ እሱ ግን እንደ ታላቅ ወንድም መክሮ ይሸኛታል። ከዚያ ወዳጁን ሌንስኪን በማይረባ ጠብ በሽጉጥ ገድሎ ከአካባቢው ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ፒተርስበርግ ላይ ሲያገኛት የትልቅ ሰው ሚስት ሆናለች። አሁን ለማኙ እሱ ነው። እሷም እንደምትወደው ሳትደብቅ እምቢ ትለዋለች።

ፑሽኪን ስለ ደብዳቤው ሲያወራ ታቲያና የጻፈችው በፈረንሳይኛ ነው፣ እኛ የምናነበው የተራኪውን ትርጉም ነው ይለናል። በእኛና በልጅቱ ልብ መካከል አንድ ቀልደኛ ተራኪ ቆሟል ማለት ነው። ቻይኮቭስኪ ይህን ሰው ከመካከል ያስወጣዋል። ታቲያና ብቻዋን ከ10 ደቂቃ በላይ እየጻፈች ትዘምራለች፤ ታቋርጣለች፣ እንደገና ትጀምራለች፤ ብዕሯ ገና ያልደፈረውን ኦርኬስትራው ቀድሞ ይናገራል። በ2007 ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ የተቀረጸውን የሮበርት ካርሰንን ዝግጅት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሬኔ ፍሌሚንግ የበልግ ቅጠል በተነሰነሰበት ባዶ መድረክ ላይ ይህን ትዕይንት ስትዘምር፣ ያ ቀልደኛ ተራኪ ከነመኖሩም ይረሳኛል። የሙዚቃ ጉልበቱ ይህ ነው። ያለ አማላጅ ልብ ውስጥ ያስገባል።

ክራንኮ ከኦፔራው አንዲት ኖታ አልወሰደም። ኩርት ሃይንዝ ሽቶልዘ ከሌሎቹ የቻይኮቭስኪ ሥራዎች፣ በተለይም ከፒያኖ ድርሰቶቹ፣ ለቅሞ ባቀናጀው ሙዚቃ ነው የሠራው። ዳንሰኛ ደብዳቤ አንብባ ማሰማት ስለማትችል፣ ደብዳቤው ሕልም ሆኗል። ኦኔጊን ከመስተዋት ውስጥ ወጥቶ ታቲያናን ያነሳታል፣ ያንሳፍፋታል። ይህ ሰው ለስላሳ ነው፣ አፍቃሪ ነው፤ በእውኑ ዓለም ግን የለም። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ባሌቱ ከኦፔራው ይልቅ ለፑሽኪን ይቀርባል። ልጅቱ ያፈቀረችው ከሪቻርድሰንና ከሩሶ ልቦለዶች ቀድታ የፈጠረችውን ሰው መሆኑን ያለ አንድ ቃል ያሳየናልና።

ሆኖም ክራንኮ በኋላ ሒሳብ ማወራረድ ይወዳል። ኦኔጊን ደብዳቤዋን ቀዶ እጇ ላይ ያስቀምጥላታል፤ በመጨረሻም እሷ የእሱን ደብዳቤ ትቀድበታለች። ተመልካች ያለቅሳል፤ እኔም ዓይኔ ሳይረጥብ አይቼው አላውቅም። ፑሽኪን ዘንድ ግን የተቀደደ ደብዳቤ የለም። በምትኩ ያለው ምዕራፍ 7 ነው።

በዚህ ምዕራፍ ኦኔጊን ሄዷል። ታቲያና ባዶ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። የባይረንን ሥዕልና የናፖሊዮንን ምስል ታያለች። ሌላ ቀን ተመልሳ መጽሐፎቹን ማንበብ ትጀምራለች። ኅዳጉ ላይ በጥፍሩ የጫረውን፣ በእርሳሱ ያሰመረውን እየተከተለች ሰውየውን ታጠናዋለች። ቀስ በቀስም ይህ ሰው የራሱ የሆነ ነገር የሌለው፣ ካነበባቸው መጻሕፍት የተቀዳ ግልባጭ ይሆን እንዴ ብላ ትጠይቃለች። ኦፔራውም ባሌቱም ይህን ዘለውታል። ምክንያቱ አይጠፋንም። ብቻዋን ቁጭ ብላ የምታነብ ሴት አትዘምርም፣ አትደንስም።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ይህ ምዕራፍ ሲጎድል የመጨረሻው እምቢታ መልኩን ይለውጣል። በኦፔራው የትዳር ግዴታ ፍቅርን ያሸነፈበት፣ በባሌቱ የቆየ ቁስል የተከፈለበት ይመስላል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ታቲያና ለባሏ መታመኗ እንዳለ ሆኖ፣ የምትወደውን ሰው አንብባ የጨረሰች ሴት ናት። ትወደዋለች፤ ማንነቱንም ታውቃለች።

ነገሩ የሚያሳስበኝ ልቦለድ ልጃገረድ ያበላሻል የሚለው ክስ ዛሬም ከሰዎች አፍ ስላልጠፋ ነው። ሁለቱ መድረኮች ሳይፈልጉት ለከሳሹ ይመሰክራሉ፤ በልቦለድ የተታለለችውን ልጅ አሳይተው፣ በንባብ ዓይኗ የተገለጠውን ሴት ይተዋሉና። ፑሽኪን ግን ያሳታት ንባብ ራሱ መልሶ እንዳቀናት ይናገራል።

ይህን ስል ኦፔራውም ባሌቱም ይቅር ማለቴ አይደለም። በሁለቱም ሁለተኛው ገቢር የሚያበቃው በሽጉጡ ግጥሚያ ነው፤ ሦስተኛው የሚከፈተው ፒተርስበርግ ነው። ምዕራፍ 7 የሚውለው ልክ በመካከሉ፣ በዕረፍቱ ሰዓት ነው። ለተመልካች የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ መጋረጃው ሲወርድ መጽሐፉን ገልጦ ያንብብ።