ካምቢዮው የሚያምነው ቁጥር

አዲስ አበባ መካኒክነት ስለምድ የሞተር ጉልበት የምንለካው በእንጦጦ ዳገት ነበር። ፓምፑን ያስተካከልንለት ኢሱዙ ጭነት ይዞ ወጥቶ ሲመለስ አለቃዬ ሹፌሩን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «በስንተኛ ማርሽ ወጣ?» ሦስተኛ ካለ ሒሳብ ይቀበላል። ሁለተኛ ካለ ኮፈኑ እንደገና ይከፈታል።

አሁን የምሠራበት የአሜሪካው ሴንት ፖል እንጦጦ የለውም፤ ስክሪን ግን ሞልቷል። ባለፈው ጥቅምት አንድ የአገሬ ልጅ 2019 ራም 2500 ፒክአፕ ይዞ መጣ፤ ሞተሩ ኩሚንስ 6.7። ኢንጀክተሮቹን በሰፋፊ አስቀይሯል፣ ጎማውን ከ33 ወደ 35 ኢንች አሳድጓል። በአንድ እጁ የጉልበት መለኪያው ማሽን፣ ዳይኖ ላይ የተለካበትን ወረቀት፣ በሌላው ከመኪናው ኮምፒውተር የሚያነበውን ስልኩን ይዟል። ስልኩ 1,150 ኒውተን ሜትር ይላል፣ ወረቀቱ 1,450።

«ጋሼ፣ የትኛው ነው ውሸታም? እስቲ ይንገሩኝ።»

የስልኩን ቁጥር የለካ ማንም የለም። ይህ ሞተር ቶርክ የሚለካ ሴንሰር የለውም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የናፍጣውን ግፊትና ኢንጀክተሩን ለስንት ጊዜ እንደከፈተ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ይህን ያህል ናፍጣ ገብቷል፣ ይህን ያህል ጉልበት ወጥቷል ብሎ ከፋብሪካ ሠንጠረዡ ያነባል። ቀዳዳው መስፋቱን የነገረው የለም። ቁናው በትልቅ ተተክቶበት ሳያውቅ አሁንም «አሥር ቁና» እያለ እንደሚሰፍር ሰው ነው። የፋብሪካው ጣሪያ 1,150 ገደማ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይቆጥርም።

ወረቀቱንም ዝም ብዬ አላምንም። ዳይኖ የሚለካው ጎማ ላይ የደረሰውን ነው፤ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የጠፋው አይታየውም። ለአየሩ ሁኔታ የሚደረገው ማስተካከያም እንደተመረጠው ቀመር እስከ 4 በመቶ ይለያያል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ የሳሳውን አየር ራሱ ስለሚያካክስ ማስተካከያው ቁጥሩን ያጋንነዋል። ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም።

ስለዚህ ወደ መንገድ ወጣን። መኪናው እኛን ጨምሮ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ 3,600 ኪሎ መዘነ። ይህን ክብደት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማድረስ 500 ኪሎ ጁል ይፈጃል፤ የትኛውም ፕሮግራም ይህን ሊቀይረው አይችልም። ፍጥነቱን የወሰድኩት ከጂፒኤስ ነው፤ በ35 ጎማ ዳሽቦርዱ 100 ሲል መኪናው 106 ላይ ነው፣ ፍጥነት ደግሞ ሒሳቡ ውስጥ በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ስሕተቱ 12 በመቶ ይሆናል። በአራተኛ ማርሽ 1.7 ሰከንድ ፈጀ። የነፋሱንና የጎማውን 25 ኪሎዋት ስጨምርበት 319 መጣ፤ በ2,070 ዙር ወደ 1,470 ኒውተን ሜትር ማለት ነው። በእጅ ሰዓት ብይዘውና 0.2 ሰከንድ ብዘገይ 30 ኪሎዋት ያመልጠኝ ነበር።

ወረቀቱ ልክ ነበር ማለት ነው። ልጁ ፈገግ አለ። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሸራዎቹን በስንት የዘይት ግፊት እንደሚይዝ የሚወስነው ሞተሩ በሚነግረው ቶርክ ነው። 1,150 ተብሎ 1,470 ሲመጣበት ይንሸራተታል። ኮንቨርተሩ ተቆልፎ የሞተሩና የካምቢዮው መግቢያ ዙር እኩል መሆን ሲገባቸው፣ እግሩን ሲጭን በ70 ዙር ይለያዩ ነበር።

ጋራዥ ስንመለስ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ ጠረግሁት። ቀይ መሆን የነበረበት ቡና መስሏል። ልጁ ጎንበስ ብሎ አሸተተው፤ የዳይኖውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ሸራው ስንት ያስወጣል ጋሼ?» አለኝ።