የገና ምሽት በቴሌቪዥን መስኮት፤ የሕዝብ ሥርጭት ዋጋው ስንት ነው?

በየዓመቱ የዲሴምበር ወር ሲገባ በብሪታንያ አንድ የቆየ ክርክር ይታደሳል። የቢ.ቢ.ሲ. የገና ሰሞን የፕሮግራም ዝርዝር ታትሞ በወጣ ማግሥት ከተመልካቹ ዘንድ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ይኸ ድጋሚ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የምንከፍለው ለዚህ ነውን?» የሚል ነው። ክርክሩ በጋዜጣ ዓምድና በፓርላማ ወንበር ተወስኖ አይቀርም፤ በየቤቱ ማዕድ ዙሪያ ይካሄዳል። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በሌላው ጊዜ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየፊናው የወደደውን ሲመለከት ይከርምና፣ በገና ምሽት አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ መስኮት ፊት ይቀመጣሉ። የሕዝብ ቴሌቪዥን የሥራ ውጤት በሁሉም ትውልድ ፊት በአንድ ጊዜ ለፍርድ የሚቀርበው በዚያች ምሽት ነው።

ፍርዱ ግን ብዙውን ጊዜ በተሳሳተ ሚዛን ይሰጣል። የአንድን ምሽት ሣቅ ከዓመቱ ክፍያ ጋር አስተያይቶ «አተረፍሁ» ወይም «ከሰርሁ» ማለት የነጋዴ ስሌት እንጂ የሐያሲ ሚዛን አይደለም። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ድርጅቱ የቆመበትን መሠረት ማየት ያሻል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሌላ ካልተገለጹ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢ.ቢ.ሲ. በ1922 የሬዲዮ መሣሪያ አምራቾች ያቋቋሙት ኩባንያ ነበር፤ በ1927 መባቻ በንጉሣዊ ቻርተር ወደ ሕዝብ ድርጅትነት ተለወጠ። የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ጆን ሪዝ የድርጅቱን ተግባር ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት በሚሉ ሦስት ቃላት አጠቃለለው። ማዝናናት በመጨረሻ መቀመጡ ለሪዝ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። የገንዘቡም ምንጭ የንግድ ማስታወቂያ ሳይሆን መሣሪያው ያለው ቤተሰብ በየዓመቱ የሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ሆነ። ቴሌቪዥንን የሚያካትተው ፈቃድ በ1946 ሲጀመር 2 ፓውንድ ነበር፤ በ2025 174 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ደርሷል፤ ይህም ለቀን ሲካፈል 48 ፔንስ ገደማ ነው።

የገና በዓልና የሥርጭቱ ቁርኝት ከቴሌቪዥን በፊት ይጀምራል። በ1932 ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በገና ቀን በሬዲዮ ንግግር አደረገ፤ ጽሑፉን ያዘጋጀለት ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነበር። የኢምፓየሩ ባለቅኔ ለኢምፓየሩ ንጉሥ ጻፈ። በዚያው ወር የተከፈተውም የባሕር ማዶ ሥርጭት «የኢምፓየር አገልግሎት» ይባል ነበር። እንግዲህ የገና ሥርጭት ከጅምሩ የቤተሰብ ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በጊዜ ብዛት ሰዓቱን ከዙፋኑ ወስዶ የራሱ አድርጎታል።

የዝግጅት ጥራት ሲነሣ ስማቸው ሳይጠራ የማይታለፈው ኤሪክ ሞርካምና ኧርኒ ዋይዝ ናቸው። የ1977ቱን የገና ዝግጅታቸውን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመልክቶታል። የእነዚህ ኮሜዲያን ጥበብ ከየት እንደ መነጨ ለማየት ግን የ1976ቱ የገና ዝግጅት ይበልጥ ያስተምራል። በዚያ ምሽት ዓመቱን ሙሉ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ የጦርነትና የሥራ ማቆም አድማ ዜና ስታነብ የኖረችው አንጄላ ሪፖን ከወንበሯ ተነሥታ ጨፈረች። አገሩ በሣቅ የፈነዳው ዜና አንባቢዋ እግር ያላት መሆኑን ገና ያን ዕለት ያወቀ ይመስል ነበር። ቀልዱ የቆመው በዜናው ክብደት ላይ ነው፤ ዜናው የማይታመንበት ጣቢያ ያንን ቀልድ ሊያቀርብ አይችልም። ሁለቱ ኮሜዲያን በ1978 ወደ ንግዱ ጣቢያ ወደ ቴምዝ ቴሌቪዥን በተዛወሩ ጊዜ ደራሲያቸው ኤዲ ብራበን በመጀመሪያ አብሯቸው አልሄደም። ሰዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ ሣቁ ግን የቀድሞውን ያህል አልሆነም።

ሰፋ ያለ ትኩረት የሚገባው ግን ከ1971 እስከ 1978 በየገናው ሰሞን የቀረቡት የሙት መንፈስ ታሪኮች ናቸው። አብዛኞቹን ያዘጋጀው ሎውረንስ ጎርደን ክላርክ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተነሣው ከኤም. አር. ጄምስ ድርሰቶች ነው። ጄምስ የካምብሪጁ የኪንግስ ኮሌጅ የበላይ ኃላፊ ነበር፤ ታሪኮቹንም በገና ዋዜማ በሻማ ብርሃን ለወዳጆቹ ያነብ ነበር። ከ1918 ጀምሮ የሚካሄደውና በ1928 በሬዲዮ መተላለፍ የጀመረው የገና መዝሙር ሥነ ሥርዓትም የዚያው ኮሌጅ ነው። ማኅሌቱም ፍርሃቱም ከአንድ ግቢ መውጣታቸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የ1976ቱ «ምልክት ሰጪው» ይልቃል። ታሪኩን ቻርልስ ዲከንስ በ1866 ለመጽሔቱ የገና እትም የጻፈው ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በፊት እርሱ ራሱ በስቴፕልኸርስት ከደረሰ የባቡር አደጋ ተርፎ ነበር። ለቴሌቪዥን የተረጐመው አንድሩ ዴቪስ፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዴንሆልም ኤሊየት ነው። ቦታው በጥልቅ ገደል መካከል የተቆረጠ የባቡር መንገድ ነው፤ የዋሻ አፍ፣ ቀይ መብራት፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ፣ አንድ ደወል። ደወሉ ከሠራተኛው በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ በዋሻው አፍ አንድ ጥላ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ አደጋ ይደርሳል። ፊልሙ 40 ደቂቃ አይሞላም።

የፊልሙ ፍርሃት ግን ከጥላው አይመነጭም። ሰውየው በመቶ የሚቆጠሩ ተሳፋሪዎች ሕይወት በእጁ ነው፤ ባቡሩን የማቆም ሥልጣን ግን የለውም። «አደጋ አለ» ብሎ ቴሌግራም ቢልክ አለቆቹ ምን ዓይነት አደጋ እንደሆነ ይጠይቁታል፤ መልስ ስለሌለውም እንደ እብድ ተቆጥሮ ከሥራው ይባረራል። ኃላፊነት ያለ ሥልጣን የተጫነበት የወዝ አደር ሥቃይ ከዚህ በተሻለ በቴሌቪዥን የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። ኤሊየት ይህን ሁሉ የሚናገረው በድምፁ ሳይሆን መብራቱን በሚወለውልበት እጁ ነው። የሻምፓኝና የአሻንጉሊት ነጋዴ ማስታወቂያውን ለማስገባት እንዲህ ያለ ጨለማ ሥራ በገና ሰሞን ይመርጣል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የፈቃድ ገንዘብ ትርጉሙ እዚህ ላይ ይታያል።

የድርጅቱ ሥራ ሁሉ ግን በዚህ ደረጃ ላይ አይገኝም። በዲሴምበር 25 ቀን 1986 «ኢስትኤንደርስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ለሚስቱ በገና ስጦታ ፈንታ የፍቺ ወረቀት ሰጣት፤ ድጋሚ ሥርጭቱ ተደምሮ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመለከተው። ትዕይንቱ በጊዜው ኃይል ነበረው፤ በበዓል ጭምብል ሥር የተደበቀውን የቤተሰብ ጠብ ገልጧልና። ነገር ግን ቁጥሩ ያሳወራቸው አዘጋጆች ከዚያ ወዲህ ገናን የሞት፣ የቃጠሎና የፍቺ ቀጠሮ አደረጉት። አንድ ጊዜ እውነት የነበረው ነገር ቀመር ሆነ። ከዚህም ጋር ዓመቱን ሙሉ የሚታየውን የጥያቄና መልስ ውድድር ቀይ ቆብ አልብሶና የወረቀት በረዶ በትኖ «ልዩ የገና ዝግጅት» ብሎ ማቅረብ ተለመደ። ተመልካቹ በዚህ ቢቆጣ እውነት አለው።

ስለ ድጋሚ ግን ልዩነት ማበጀት ያስፈልጋል። ቼኮዝሎቫኪያና ምሥራቅ ጀርመን በ1973 በኅብረት የሠሩት የሲንደሬላ ተረት ፊልም ዛሬም በገና ሰሞን በጀርመን የሕዝብ ጣቢያዎች ይታያል፤ የኖርዌይ የሕዝብ ጣቢያም በገና ዋዜማ ጠዋት፣ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር አንድ ተራኪ ብቻ በሚያነብበት ድምፅ ያቀርበዋል። የኖርዌይ ልጆች ወላጆቻቸው ያዩትን ያያሉ፤ ማንም «ድጋሚ ነው» ብሎ አያማርርም። ሥርዓት ሆኗልና። የሚያስነቅፈው ድጋሚ ባዶ ሰዓት ለመሙላት ብቻ ከመጋዘን የሚወጣው ነው።

ከጥራቱ ይልቅ የሚከብደው ነቀፌታ የክፍያው ሥርዓት ነው። ባለጠጋውና የቀን ሠራተኛው እኩል ይከፍላሉ። ያለ ፈቃድ መመልከት ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል። ከሚከሰሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ፈቃድ ጠያቂው ሠራተኛ በር ሲያንኳኳ ቤት የሚገኙት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና። ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ አረጋውያን ሁሉ ይሰጥ የነበረው ነፃ ፈቃድም በ2020 ዝቅተኛ የጡረታ ገቢ ላላቸው ብቻ ተወሰነ። ለብቸኛ አሮጊት የገና እንግዳዋ ቴሌቪዥኑ ብቻ በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊንላንድ በ2013 ክፍያውን በገቢ መጠን የሚለካ፣ ጣሪያ ያለውና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ነፃ የሚያደርግ ግብር አድርጋዋለች። ፈረንሳይ በ2022 ክፍያውን ጨርሳ ስትሰርዝ የጣቢያዎቿ በጀት በመንግሥትና በፓርላማ ውሳኔ ላይ ወደቀ። ከሁለቱ የፊንላንዱ ፍትሐዊም ጠንካራም ነው፤ ብሪታንያ ልትከተለው አለመፈለጓ ያስገርማል።

ክፍያውን ለገበያ እንተወው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የታቸር መንግሥት በ1985 በኢኮኖሚ ሊቁ በአለን ፒኮክ የሚመራ ኮሚቴ ሲያቋቁም ማስታወቂያ ወደ ቢ.ቢ.ሲ. እንዲገባ ይመክራል የሚል ተስፋ ነበር፤ ኮሚቴው ግን በ1986 ሐሳቡን አልተቀበለውም። በገና 2024 ደግሞ የ«ጋቪን ኤንድ ስቴሲ» የመጨረሻ ክፍል በዚያው ምሽት ብቻ 12.3 ሚሊዮን ያህል ተመልካች አገኘ። የኤሴክስና የዌልስ ተራ ቤተሰቦችን ጋብቻ የሚተርከው ይህ ኮሜዲ በ2007 የተጀመረው ግን በአነስተኛ ጣቢያ፣ በጥቂት ተመልካች ፊት ነበር። የሕዝብ ገንዘብ የገዛው ትዕግሥትን ነው።

የንግድ ቴሌቪዥን ሁሉ ርካሽ ነው ማለት ግን ሐሰት ይሆናል፤ ለዚህም ከኢትዮጵያ የቀረበ ምስክር የለም። የወሎን ረሃብ በኦክቶበር 1973 ለብሪታንያ ሕዝብ የገለጠው የጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የቴምዝ ቴሌቪዥን፣ የንግድ ጣቢያ ሥራ ነው። ፊልሙ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናጅቶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በበዓል ምሽት የቀረበ ዝግጅት ይህን ያህል ክብደት የነበረው በየትም አገር አይገኝም። ቴምዝ ይህን የሠራው ግን ገበያው ስለጠየቀው አልነበረም። የ1954ቱ ሕግ የንግዱን ቴሌቪዥን በተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሥር አውሎ ቁም ነገር ያለው ዝግጅት እንዲያቀርብ ስላስገደደው ነው። አጠገቡም በማስታወቂያ የማይተዳደር ድርጅት ቆሞ ነበርና መመዘኛው ዝቅ ሊል አልቻለም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ የቢ.ቢ.ሲ.ው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አናወጠ። በገና ሰሞን ገበያውን የያዘው ግን ከዘገባው የተወለደው ዘፈን ነበር፤ አርእስቱም «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል። በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ስለተቀበለች፣ ልደትን ታኅሣሥ 29 ቀን ስለምታከብርና ላሊበላን ስለፈለፈለች አገር የቀረበ ጥያቄ ነው። ዘፈኑ ብዙ ገንዘብ ሰብስቧል፤ ሰውም አድኗል፤ ይህ አይካድም። ሆኖም ዘገባው ኮረም ድረስ ሄዶ ፊቶችን ሲያይ፣ ዘፈኑ ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ተቀድቶ ፊት የሌለው ሕዝብ ፈጠረ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው 48 ፔንስ ምን እንደሚገዛ አይጠፋውም።

የቢ.ቢ.ሲ. ቻርተር የሚያበቃው በዲሴምበር 31 ቀን 2027 ነው። በዚህ ቻርተር ሥር የሚቀርበው የመጨረሻው የገና ምሽት ዝግጅት የሚታየው ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ይሆናል።