በዋሽንት ቤት ይሠራልን?

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ያስተማርሁት አንድ ሰው ደብረ ብርሃን ካለው ቤቴ ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። ዛሬ የልጆች አባትና በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ነው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ጤናና ስለ ብርዱ ስንጨዋወት ቆየንና ወደ መጣበት ጉዳይ ገባ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያዪቱ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ኮሌጅ ገብቼ ሙዚቃ ካልተማርሁ ትላለች። ምን ልበላት?» አለኝ።

ይህን ስሰማ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፋኝ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ይኸው ሰው፣ ያን ጊዜ ከአንኮበር ቁልቁለት መጥቶ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሳለ፣ ይህንኑ ጥያቄ ስለ ራሱ ጠይቆኝ ነበርና ነው። በሒሳብ ብርቱ ነበረ። በዋሽንት ደግሞ፣ በጎችን ሲጠብቅ የተማረውን ዜማ በዕረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ቆሞ ሲነፋ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ ጨዋታቸውን ትተው ያዳምጡት ነበር። የመጨረሻውን ፈተና ካለፈ በኋላ መጥቶ «ጋሼ፣ ሙዚቃ ብማር እወዳለሁ» ሲለኝ፣ ብዙም ሳላስብ «ልጄ፣ በዋሽንት ቤት አይሠራም፤ የሒሳብ አያያዝ ተማር» ብዬ መለስሁለት። ታዘዘኝ፤ ተማረ፤ ቤትም ሠራ።

እንግዲህ ምክሩ ትክክል ነበረ የሚል አይጠፋም። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ነገር ግን በዚያ ቀን «ዋሽንቷስ?» ብዬ ብጠይቀው «ሣጥን ውስጥ ናት፤ አሁን ትንፋሼም አይደርስላት» አለኝና ዝም አለ። ያ ዝምታ ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። «ለልጅህ የምሰጠውን መልስ እንዳስብበት ጊዜ ስጠኝ» ብዬ ሸኘሁት። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ያ መልስ ነው።

ፍርድ ከራስ ሲጀምር ያምራል። የያን ጊዜው ምክሬ ከሁለት ንቀት የተወለደ ነበር። አንደኛውን የተማርሁት ከመንደር ነው። አዝማሪ በሠርግ ቤት ይፈለጋል፤ ልጅን ለአዝማሪ መዳር ግን ያሳፍራል ይባል ነበር። ሰው በዜማው ይደሰታል፣ በዜመኛው ይሣለቃል። ሁለተኛውን ንቀት ያገኘሁት ከትምህርት ነው። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ሃርሞኒየም ነበረን፤ በአምስት መስመር ላይ የተጻፈውን ኖታ እያየን መዝሙሩን በአራት ድምፅ ከፍለን እንዘምር ነበር። ይህን ላስተማሩኝ ሰዎች እስከ ዛሬ ምስጋናዬ አልተቋረጠም። ይሁን እንጂ እኔው ራሴ ከዚህ መልካም ነገር መጥፎ ትርጉም አወጣሁ፤ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ዜማ ትምህርት አይደለም ብዬ አመንሁ። ስለዚህ የእረኛው ልጅ ወደ እኔ ሲመጣ፣ መንደሩ «አዝማሪ ነው» አለኝ፣ ትምህርቴም «ኖታ አያውቅም» አለኝ። በሁለቱ መካከል ልጁን ራሱን ሳልሰማው ቀረሁ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንመርምር። በድሮ ዘመን በአውሮፓ አንድ ነጻ ሰው ሊማራቸው ይገባል የሚባሉ ሰባት ዕውቀቶች ነበሩ። ሦስቱ የቃል ናቸው፤ ሰዋስው፣ ሎጂክና የንግግር ጥበብ። አራቱ የቍጥርና የመጠን ናቸው፤ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሥነ ፈለክና ሙዚቃ። ሙዚቃ የተሰለፈችው ከቀመርና ከከዋክብት ምርምር ጋር እንጂ ከጨዋታና ከመጠጥ ጋር አልነበረም። ዛሬ በአሜሪካ «ሊበራል አርትስ» የሚባለው ኮሌጅ ስሙን የወረሰው ከእነዚህ ዕውቀቶች ነው።

ሙዚቃ ከሒሳብ ጋር ምን አገናኛት የሚል ቢኖር ወደ ማሲንቆ ይቅረብ። የማሲንቆ አውታር ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ብቻ ነው። አውታሩ ሙሉውን ሲርገበገብ አንድ ድምፅ ይሰጣል። በትክክል ከመካከሉ ቢነካና ግማሹ ብቻ ቢርገበገብ ያው ድምፅ ቀጥኖና ከፍ ብሎ ይመለሳል። ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ብቻ ቢርገበገብ ከመጀመሪያው ጋር እጅግ የሚስማማ ሌላ ድምፅ ይወጣል። ግሪኮች ይህን የፓይታጎረስ ግኝት ነው ይላሉ። አዝማሪው የፓይታጎረስን ስም ሳይሰማ በጣቱ ያውቀዋል። የአዝማሪው ጣት የሚያውቀውን አእምሮ እንዲያውቀው ማድረግ የኮሌጅ ሥራ ነው።

በእኛም አገር ዜማ ያለ ትምህርት የቆመበት ዘመን የለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች እንደ ደረሰ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። ትምህርት እምቢ ብሎት ሲሸሽ፣ በዛፍ ላይ እየወደቀች እንደገና የምትወጣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ የማያውቅ ተማሪ የለም። በኋላም በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ከቃሉ በላይ በደቃቁ ይጻፋሉ። እንግዲህ «ዜማ በወረቀት» ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም። እኔ በሃርሞኒየሙ ስኰራ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የዜማ ቤት ተማሪ ድጓውን እያየ ዓመታት ያሳልፍ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁትም።

እንዲህ ከሆነ ዛሬ ሙዚቃን በሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚማር ወጣት ምን ያገኛል? በአራቱ ዓመት ውስጥ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ቋንቋና ፍልስፍና ይማራል። ከዚህም ጋር ሙዚቃን ዋና ትምህርቱ አድርጎ ጆሮውን ያሠለጥናል፣ ኖታ ያነባል፣ ድምፅን ከድምፅ የማስማማትን ሕግ ይመረምራል፣ አንድ መሣሪያ ያጠናል፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይጫወታል። ኮንሰርቫቶሪ የሚባለው ትምህርት ቤት ከሁሉ በፊት እጅን ያሠለጥናል። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ደግሞ የሰማውን ነገር የሚያስረዳ ሰው ለማውጣት ይደክማል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን አሸናፊ ከበደ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለደ። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ክፍል ከሆነው ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ወደ አገሩ ተመልሶም ዛሬ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የምንለው ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። እንደገና ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በሊበራል አርትስ ትምህርቱ ከታወቀውና በ1831 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1971 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። ለዚህ የደከመበት የምርምር ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ነበረ። በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በዚያው በአሜሪካ ዐረፈ። ይህ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሲመረምር የኖረው የተወለደበትን አገር ድምፅ ነው።

ከድርሰቶቹ አንዱ «እረኛው ባለዋሽንት» ይባላል። ገና ከስሙ የምናመሰግነው ነገር አለ። በኦርኬስትራ የሚጫወቱት ብዙ ድርሰቶች ስለ ነገሥታትና ስለ አማልክት ናቸው። እርሱ ግን በሜዳ ከበግ ጋር የሚውለውን ልጅ፣ እኛ ያልተማረ የምንለውን፣ በዚያ ሁሉ የሠለጠነ ተጫዋች ፊት በክብር አቆመው። እኔ ያደረግሁት የዚህ ተቃራኒ ነው።

ነገር ግን ነቀፋ የሌለበት ሙገሳ ትችት አይባልም። ዋሽንት ሠሪ ቀዳዳውን የሚለካው በራሱ ጣት ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ዋሽንት ድምፅ ከሌላው አይገጥምም፤ ብርቱ ተጫዋችም ለየዜማው የሚሆን ረጅምና አጭር ዋሽንት ይይዛል። እረኛ ደግሞ ዛሬ የነፋውን ነገ እንዳለ አይደግመውም። ኖታ ይህን ሁሉ በአንድ መልክ ያረጋዋል። ቋንጣ ሥጋውን ለሌላ ወራት ያቆያል፤ ጥሬ ሥጋ ግን አይደለም። ይህ የደራሲው ጥፋት ሳይሆን የወረቀቱ ጠባይ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ኖታውን የሚጫወተው ሰው እረኛውንም ሰምቶ የሚያውቅ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ከወዴት ይገኛል? ከአንኮበር ቁልቁለት መጥቶ ከክፍሌ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ እኔ ወደ ሒሳብ አያያዝ ሰደድሁት።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በወጣትነቱ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። በዚያ ያሉ አስተማሪዎቹ ግን ተሰጥዎውን አይተው ወደ ሙዚቃ አዘነበሉት። በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በሚገኘው በበርክሊ ተማረ። የአገሩን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም አሰማ። አስተማሪ ሆይ፣ አስተውል! የእርሱ መምህራን የባዕድ ልጅ ሰምተው አወቁት፤ እኔ የአገሬን ልጅ ሰምቼ አላወቅሁትም።

ከዚህ ቀጥሎ የተማሩትንም እንንቀስ። አንዳንድ ወጣት ዲግሪውን እንደ ያዘ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት አምስት ድምፅ ስለሚሄዱ ድኾች ይመስሉታል። ሊያበለጽጋቸው ብሎ የፒያኖውን ድምፅ ሁሉ ሲከምርባቸው ቅኝቱ ይጠፋል። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የተባለው ይህን ለመሰለው ነው። ዕውቀት መጨመር ብቻ ሳይሆን መተውንም ማወቅ ነው። በአንድ አውታር ሰው የሚያስለቅስ አዝማሪ፣ በሰማንያ ስምንት ቍልፍ ማንንም የማያስለቅሰውን ሊያስተምረው ይችላል።

ትምህርት የሚያደራጁትንም አንርሳ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሎጂክ፣ ሥነ ልቡና፣ ጂኦግራፊና ይህን የመሰለ የጋራ ትምህርት እንዲማር ተደርጓል። አሳቡ መልካም ነው፤ የሰባቱ ዕውቀቶች አሳብ ነው። ለሰውነት ማጠንከሪያ እንኳ ትምህርት ተመድቧል። ለጆሮ ግን የተመደበ የለም። መሐንዲስ ወይም ሐኪም የሚሆነው ልጅ አንድ የዜማ ትምህርት ሳይቀምስ ይመረቃል። እንግዲህ ይህ ሰው አድጎ አባት ሲሆን ለልጁ እኔ የሰጠሁትን መልስ ቢሰጥ ምን ይደንቃል?

ይሁን እንጂ ወጣቶችን በጣፋጭ ቃል ማታለል አይገባም። የኑሮው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሙዚቃ ከተማሩት መካከል በመድረክ የሚከበሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በማስተማር፣ በማታ ሥራና በየድግሱ በመጫወት ይኖራሉ። ስለ ዝና ብሎ የሚገባ ሰው ቶሎ ይመረራል። ሳይጫወት መዋል የማይችል፣ የሰማውንም ሳይመረምር የማያድር ልጅ ግን ይግባ። ሁለገቡ ትምህርት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ታሪክና ቋንቋ የተማረ ሙዚቀኛ መድረክ ቢያጣ ማስተማር፣ መጻፍ፣ የሽማግሌዎችን ዜማ ሰብስቦ ማኖር ይችላል። አሸናፊ ከበደም ደራሲ ብቻ ሳይሆን መምህርና ተመራማሪ ሆኖ ኖሯል።

ለጠየቀኝ ሰው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጅህ ትማር። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በዲግሪ ያስተምራል፤ ተሰጥዎዋን በፈተና ይመዝናሉ፤ ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ሳይሆን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም ይሰጣል። ፈተናውን ብትወድቅ ትሏን ታስብና እንደገና ትሞክር። ከታሪክና ከቋንቋም አንዱን አጥብቃ ትያዝ። ነገር ግን ወደዚያ ከመሄዷ በፊት አንድ ክረምት ወደ አንኮበር ውሰዳት። ዋሽንቷንም ከሣጥን አውጣት። ትንፋሼ አይደርስም አትበል፤ ትንፋሽ በልምምድ ይመለሳል። ኮሌጁ ኖታ ያስተምራታል፤ እረኛውን ግን ከአንተ በቀር ሊያሰማት የሚችል የለም።

«በዋሽንት ቤት አይሠራም» ያልሁህ እውነት ነበረ፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቤት በደመወዝ ይሠራል። በተሠራው ቤት ውስጥ ግን ሰው ዝም ብሎ ሊኖር አይችልም። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ስለ ሥራችሁ ምክር ስትጠይቁ የአስተማሪያችሁን ቃል አክብሩ፤ ነገር ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት አንድ ጊዜ እንዲያዳምጣችሁ ለምኑት። እናንተም ነገ ተጠያቂ ስትሆኑ፣ ከመምከር በፊት አዳምጡ።